ሆድ ያባውን በቆልት

ሙነወር ክፉ ሰው አይደለም። ይህ አስቀድሞ ይነገርለት፤ ኋላ የሚመጣው ነገር ሌላ ሊያስመስለው ይችላልና። ሾላ ገበያ ውስጥ ባቄላ፣ ምስርና ክክ ሲሸጥ ሚዛኑ ቀጥ ያለ ነው፤ የተቸገረ ሲያይ ደግሞ ከላይ ጣል ያደርጋል። ሰው ሲታመም ቀድሞ ይደርሳል፣ ለሰርግ ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚመታው እሱ ነው። ያለበት አመል አንድ ብቻ ነው። «አትንካ» የተባለ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል።

ሚስቱ ዘሃራ ይህን አመል ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አዲስ የገዛችውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን «ትንሽ ድምፅ ታሰማለች፣ እስቲ ልያት» ብሎ ፈታትቶ፣ መልሶ ሲገጥማት ብሎን ተርፎት፣ «አይዞሽ፣ ትርፍ ነው፤ ቻይና ሁሌም መጠባበቂያ ትልካለች» ያላት ሰው ነው። ማሽኗ ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢውን እንጂ ልብስ አጥባ አታውቅም። እንዳትነካው ነግራው ነበር፤ «እሺ» ብሏትም ነበር።

እናም ዘሃራ ቦሌ ካላት የመጋረጃ ሱቅ ለዓመታት አጠራቅማ ያቺን ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛች ወዲህ፣ ቁልፏን ከቦርሳዋ ሌላ የትም አታስቀምጥም። በስሟ የወጣች የመጀመሪያ መኪናዋ ናት፤ ማንንም ሳትለምን የገዛቻት። ጎሮ ሰፈራቸው ስትደርስ ጥሩንባ አትነፋም። መኪናዋ ራሷ ድምፅ የላትም። ዝም ብላ በሩ ላይ ትቆማለች፣ ጎረቤት ወጥቶ እስኪያያት። ባልየው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ የሰው ክርን ጎኑን እየደቃው ሾላ ይወርዳል።

«አንድ ቀን እንኳን ስጪኝ፣ ሾላ ደርሼ ልመለስ» ይላታል።

«ትወስዳታለህ» ትለዋለች። «ብቻ አንዴ፣ አንድ ነገር አትንካ ስልህ ሳትነካ ቆይተህ ልይህ። ያን ቀን ቁልፏን በእጄ ነው የምሰጥህ።»

ነሐሴ ላይ ደሴ ያለችው እህቷ ወለደች። ዘሃራ አራስ ለመጠየቅ ሻንጣዋን አዘጋጀች። መኪናዋ ቻርጅ ያስፈልጋታል፣ ግቢው ውሃ ቢይዝ ዞር ማድረግም ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ቁልፉን ትታ ከመሄድ ሌላ መላ አልነበራትም። በር ላይ ቆማ ቁልፉን አንጠልጥላ አየችው።

«ከግቢ አትወጣም። ማል።»

«ኢንሻአላህ አልነካትም።»

«ኢንሻአላህ የሚባለው ልታደርግ ስታስብ ነው። ወላሂ በል።»

ሙነወር ጉሮሮውን ጠረገ። «ወላሂ ለሥራ አልወስዳትም» አለ።

ዘሃራ በረራው እንዳያመልጣት ቸኩላ ስለነበር «ለሥራ» የምትለዋን ቃል ልብ አላለችም። እሱ ግን ልብ ብሏታል። ምስር ውስጥ ጠጠር እንደሚጥል ነጋዴ አድርጎ ነው ያስገባት፣ በሚዛኑ አድርጎት የማያውቀውን ነገር።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጨዋ ሆኖ ከረመ። ጠዋት ወጥቶ ያያታል፣ በመዳፉ መስታወቷን ዳበስ ያደርጋል፣ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ አርብ መጣ። ሙነወር አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቅ አይከፍትም፣ ልማዱ ነው። ሱቅ ካልተከፈተ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ ሾላ መሄድ ለሥራ ነው ሊባል አይችልም። ይህን ጉዳይ ከራሱ ጋር ተሟግቶ፣ ራሱ ፈርዶ፣ ራሱ ረታ።

ሾላ ሲደርስማ ምን ልበላችሁ! የእህል ተራው ነጋዴ ጆንያውን እየተወ ወጣ። አንዱ ጎማዋን በእግሩ ይነካል፣ አንዱ በመስኮቷ አጮልቆ ያያል። አጠገቡ በርበሬ የሚሸጠው ተካልኝ፣ ሰውነቱ ድንኳን የሚያህል የልጅነት ጓደኛውና የጎሮ ጎረቤቱ፣ ሁለቴ ዞራት።

«የማን ናት?»

«የኛ ናት» አለ ሙነወር። «የኛ» ሲል ድምፁ ሰለል አለበት።

«እንግዲያው እኔም ዛሬ በሚኒባስ አልሄድም» ብሎ ተካልኝ ገባና ከፊት ተቀመጠ። ቀበቶው ከሆዱ ጋር ብዙ ታግሎ በመጨረሻ ተቆለፈ።

ሲኤምሲን እስኪያልፉ ደህና ነበሩ። ሰሚት ጋ ሲደርሱ ሰማዩ ተቀደደ። ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ዝቅ ካለው ቦታ ላይ ውሃው ሐይቅ ሠርቷል፤ መኪኖች ዳር ላይ ቆመው አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ይሄኔ አንድ ሚኒባስ ከኋላ መጣ። ረዳቱ በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ፣ «ግባ! ግባ! ስሩ ኮረኮንች ነው፣ አትፍራ!» እያለ ሾፌሩን አስገባው፤ ውሃውን ግራና ቀኝ እየረጩ ተሻገሩ።

«እንመለስ እንዴ?» አለ ተካልኝ። ክፋት አልነበረውም፤ ያቺ «እንዴ» ግን ሙነወርን ወጋችው።

«ሚኒባስ ያለፈውን እኔ ላላልፍ?» ብሎ ገባ።

የሚኒባስ ሆድና የዘሃራ መኪና ሆድ ከመሬት ያላቸው ከፍታ አንድ አለመሆኑን ያሰበው መሃል ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ውሃው በሩን እየመታ መጣ፤ ቀጥሎ ከእግራቸው ስር ቀዝቀዝ አላቸው። ተካልኝ ቁልቁል አይቶ ጮኸ። ቀበቶውን ፈትቶ፣ ሁለት እግሮቹን ወንበሩ ላይ ሰብስቦ የበሩን እጀታ ያዘ።

«ሙነወር! ይቺ መኪና ኮረንቲ ናት እኮ! ውሃ ውስጥ ኮረንቲ ላይ ቁጭ ብለናል!»

መኪናዋ መናገር የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። በቻይንኛ። ለስላሳ የሴት ድምፅ አንዲት ነገር ትላለች፣ «ቲንግ» ታደርጋለች፣ መልሳ ያችኑ ትላለች።

«ምን አለች?» አለ ሙነወር ላቡ እየወረደ።

«እየሞትኩ ነው ነው የምትለው! ድምጿን አትሰማም? የሚያጣጥር ሰው ድምፅ እኮ ነው!»

«ያ ረቢ! ዘሃራ ገደለችኝ!»

ኮረንቲውን ረስቶ የፈራው ዘሃራን ነው፤ አልተሳሳተምም። መኪናዋ ግን እንደምንም ብላ፣ እየተናገረች፣ ወጣች። ጎሮ እስኪደርሱ ተካልኝ እግሩን አላወረደም፣ ቀበቶውንም አላሰረም፣ እሷም ዝም አላለችም። እቤቱ በር ላይ ሲወርድ፣ «ወንድሜ፣ ዘሃራ ከጠየቀችህ እኔ እዚያ አልነበርኩም» ብሎት ሄደ።

ግቢ ሲገባ ምንጣፉ ሲረገጥ ጭቅ ጭቅ ይላል። ሙነወር ቆሌው ተገፈፈ። በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ያለ መካኒክ ለምኖ አመጣ። ሰውዬው ራቅ ብሎ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናዋን ተመለከታት።

«ቤንዚን ብትሆን ሞተሯን ከፍቼ ውሃ ጠጥታለች ወይ አልጠጣችም እልህ ነበር» አለ። «ይቺን ግን... ልጆች አሉኝ። ባትሪዋ ከሆዷ ስር ነው። ውሃ ገብቶበት ከሆነ ዛሬ ላይታይህ ይችላል፣ እያደር ነው የሚበላት። ገርጂ ዋናው ጋራዥ ውሰዳት።»

ዋናው ጋራዥ መኪና ሲገባ ለባለቤቷ ስልክ ይደውላል። ባለቤቷ ደግሞ ደሴ አራስ ቤት ቁጭ ብላ ገንፎ ትበላለች። ስለዚህ ገርጂ የለም።

ከዚያ ወዲያ ሙነወር ሰው መሆኑ ቀረ። ሾላ ላይ ምስር ሲሉት ሽምብራ ይሰፍራል። ቤት ሲመጣ መኪናዋ ስር ተንበርክኮ ያሸታል፣ ወለሏ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል። ብቻውን ገብቶ ሲያስነሳት ቻይንኛ ተናጋሪዋ ሴትዮ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ደግሞ ከንግግሯ የባሰ አስፈራው።

ልጁ ሊና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ጆሮዋ ላይ ከሰካችው ማዳመጫ አንዱን ነቅላ፣ አባቷ መኪና ውስጥ በፎጣ ምንጣፍ ሲጨምቅ አየችው።

«አባዬ፣ ስልኬ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ እኮ ሩዝ ውስጥ ነው የምከተው። እርጥበቱን ሁሉ ነው የሚመጠው። መኪናዋንም ሩዝ ውስጥ ክተታት» ብላ ሳቀች።

ሙነወር አልሳቀም። ፎጣውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

«ሩዝ የጠጣውን ባቄላ አይጠጣም?» አለ።

«አባዬ፣ ቀልዴን እኮ ነው።»

«እኔ ባቄላ ዘፍዝፌ ማታና ጠዋት ሳይ ነው ያረጀሁት። እጥፍ ሆኖ ነው የሚያድረው! ከባቄላ በላይ ውሃ የሚጠጣ እህል አላህ አልፈጠረም!»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ሙነወር ከሱቁ ጆንያ አስጭኖ መጣ። ምንጣፉን ገልጦ ደረቅ ባቄላውን እንደሚዘራ ገበሬ እፍኝ እፍኝ እያደረገ በተነው፣ ምንጣፉን መልሶ አለበሰው። ለማንኛውም ብሎ ሙሉ ጆንያ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በቢስሚላህ አስነሳት።

ሴትየዋ ተናገረች። «ቲንግ» አለች፣ ደገመች።

«አጃኢብ! ገና እያቃሰተች ነው» አለና ሌላ እፍኝ ጨመረ። እርጥብ አየር እንዳይገባ መስኮቶቿን ሁሉ ጠረቀመ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጣችና መኪናዋ ውስጥ ሙቀቱ ገንፎ የሚያበስል ሆነ። እንግዲህ ባቄላ፣ ውሃ፣ ጨለማና ሙቀት አንድ ቦታ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የሾላ እህል ነጋዴ ጠፍቶት አይደለም። ጭንቀት ዓይኑን ጋርዶት ነው። የገዛ እህሉን አመል ረሳው።

በሳምንቱ ስልኩ ጠራ። ዘሃራ ናት፣ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ።

«ልሳፈር ነው። ዕቃ ስለያዝኩ ታክሲ አልፈልግም። መኪናዬን ይዘህ ቦሌ ጠብቀኝ።»

«አልነካትም ብዬሽ የለ እንዴ?» አለ ሙነወር ሐሞቱ ፈሶ።

«እኔ ከፈቀድኩልህ መንካት አይባልም። ቶሎ ና።»

ጆንያውን ጎትቶ አወረደ። ላይ ላዩን ያለውን ባቄላ ጠረገ፤ ምንጣፍ መግለጫ ጊዜ አልነበረውም። ውጭዋን አሳምሮ አጠባት፣ የሊናን ሽቶ ግማሹን ረጨባት፣ በረረ።

ዘሃራ ቦሌ ላይ ሻንጣዋን ሳታስጭን መጀመሪያ መኪናዋን ዞረቻት። ጭረት ፈለገች፣ የለም። ጎማ አየች፣ ንጹሕ ነው። ፈገግ ብላ ገባች። በሩን እንደዘጋች ያቺ ሴትዮ በቻይንኛ ጀመረች።  ዘሃራ መጋረጃ ለማምጣት ጓንዡ ስትመላለስ የለቃቀመቻት ቻይንኛ አለች።

«እሺ፣ እሺ እናቴ» ብላ ቀበቶዋን ስባ ቆለፈችው። ድምፁ ጠፋ።

«ምን... ምን ነበር ያለችሽ?»

«ቀበቶሽን እሰሪ ነዋ። ምን ልትለኝ ኖሯል?»

ሙነወር መሪውን ይዞ ወደ ፊት አፈጠጠ። ተካልኝ ቀበቶውን ፈትቶ እግሩን ሲሰበስብ ትዝ አለው። ወንበር ላይ የተጎለተው ጆንያም ትዝ አለው። ያን ሁሉ ቀን ነፍሱ የተጨነቀችው ባቄላ ቀበቶ አላሰረም ተብሎ ነው! ሳቁ መጣበት፣ እፎይታውም መጣ፣ ሁለቱንም ዋጣቸው።

ጥቂት እንደሄዱ ዘሃራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«እህቴ ጋ ሆኜ ሳስብ ነበር። ቁልፉን ትቼልህ ስሄድ ይነካታል ብዬ ስሰጋ ነበር፤ አልዋሽህም። ሊናን በደወልኩላት ቁጥር መኪናሽ ቆማለች ትለኛለች። ሙነወር፣ ቃልህን ጠበቅክልኝ። ከነገ ጀምሮ ሾላ ይዘሃት ውረድ። በሚኒባስ መጋፋት ይብቃህ።»

ይኸው ቀኑ! የለመነው፣ የተመኘው ቀን መጣ።  አሁን መናገር ነበረበት፤ እሱም ያውቃል። አፉን ከፈተ።

«አላህ ይስጥልኝ» አለ።

ተቀበለ! ምን ዓይነት ሰው ነው በሉት። ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አላለውም። መንገዱ ረዘመበት።

ዘሃራ ግን ደስ ብሏት ነበር። «እግሬ አብጧል» ብላ ጫማዋን አወለቀችና ባዶ እግሯን ምንጣፉ ላይ ዘረጋች። ትንሽ ቆይታ እግሯን አንቀሳቀሰች። ደግማ አንቀሳቀሰች።

«ይሄ ምንጣፍ ምን ሆኗል? ይጎረብጣል» ብላ ጎንበስ አለችና ጫፉን ገለጠችው። አንዱን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ ዓይኗ አቀረበችው። ሆዱ የተነፋ፣ ነጭ ጭራ ያወጣ ነው። ከበሩ ጥግ ያሉትማ አልፈው ተርፈው አረንጓዴ ቅጠል ብጤ ጀምረዋል።

«ሙነወር።»

«አቤት።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባቄላ ነው።»

«ባቄላ መሆኑንማ አየሁት። መኪናዬ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሙነወር አሰበ፣ አሰበና፣ «ይበቅላል» አለ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ አበው። ሙነወር ቤት ጠላ ተጠምቆ አያውቅምና የሱን ሆድ በቆልት አወጣው። መኪናዋን ዳር አስይዞ ሁሉንም ዘረገፈው፤ አርቡን፣ ሚኒባሱን፣ ተካልኝን፣ ሲያቃስት የሰማውን ቀበቶ። «ባቄላ ይጠጣዋል ብዬ» ያለበት ላይ ሲደርስ የዘሃራ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሳቀች ብሎ ተስፋ አደረገ። ሳቋን ግን ሳትጨርሰው ዋጠችው።

«ውረድና በዚህ በኩል ግባ» አለችው። መሪውን ይዛ በቀጥታ ገርጂ ነዳች። 

ጋራዡ ውስጥ መኪናዋን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው፣ ከፍ አድርገው ከስር አይተው፣ ባለሙያው እጁን እየጠረገ መጣ። «ባትሪዋ ድርቅ ያለ ነው፤ ታሽጎ ነው የሚሠራው፣ ያን ያህል ውሃ አይደፍረውም። ምንም አልሆነችም። ምንጣፏን ግን... ውሃውስ ይደርቅ ነበር፤ ያበሰበሰው እህሉ ነው» አለ። አፉን በእጁ ሸፍኖ ነው የጨረሰው።

«አልሃምዱሊላህ!» አለ ሙነወር እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ። «ዘሃራ፣ ተረፍን!»

«እሷ ተረፈች» አለች ዘሃራ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከሳቁ የተረፈ እንባ አልነበረም። «መኪና ነው፣ ውሃ ቢበላት እንኳን ተናድጄ፣ ጮኼ፣ እተወው ነበር። ቅድም ግን ቃልህን ጠበቅክልኝ ስልህ፣ አላህ ይስጥልኝ አልከኝ። አንተ የሰመጥከው ሰሚት አይደለም፤ እዚያ ላይ ነው።»

ሙነወር እንደ ልማዱ ቀልድ ቢፈልግ አጣ።

እቤት ሲደርሱ ዘሃራ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና መኪናዋን በሩ አፍ ላይ አቆመቻት፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲያይ። ቅጣቱን ተናገረች። ባቄላውን በእጁ እየለቀመ ያወጣል፤ ምን እየለቀምክ ነው ብሎ ለጠየቀው ሁሉ፣ ሳይቀንስ ሳይጨምር፣ እውነቱን ከመሐላው ጀምሮ ይናገራል። እሷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች።

ለቀመ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ፣ ያልጠየቀ አልነበረም። ባለሱቁ ጠየቀ፣ ነገረው። ሁለት የመንገድ ልብስ ነጋዴዎች ቆመው ጠየቁ፣ ነገራቸው። «ለሥራ» ብሎ የማለባት ጋ ሲደርስ በየጊዜው ድምፁ ይወርድበታል፤ «አልሰማሁም!» ይላል ከበረንዳው። ሊና እየሳቀች ቪዲዮ ትቀርፃለች። ተካልኝ ከታጠፈው መንገድ ብቅ ብሎ የተከፈተውን በር፣ ጎንበስ ያለውን ጓደኛውንና በረንዳ ላይ ያለችውን ሴት በአንድ ዓይን አየና የውሃ ሽታ ሆነ።

በመጨረሻ እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረሱ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል።

«ምነው ልጄ፣ ምን ወድቆብህ ነው የምትለቅመው?»

ሙነወር ወገቡን ይዞ ቀና አለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ጮክ ብሎ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። «ለሥራ» የምትለዋንም በዚህኛው አላንሾካሾካትም። እትዬ ጥሩነሽ ግማሹን ሰሙ፣ ጎርፍ የሚለውንና መኪና የሚለውን ያዙ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አይዞህ! እንኳንም በንብረት ወጣ፣ ልጄ! ዋናው ሰው መትረፉ ነው።»

ሙነወር ወደ በረንዳው አየ። ዘሃራ ዓይኗን አላነሳችለትም።

«ንብረቱስ ተርፏል፣ እትዬ ጥሩነሽ» አለ፣ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የወጣው በእኔ ነው።»